ብርቅ የጦር ጠመንጃን እንደገና መሥራት ለምን ይከብዳል?

ክቡራትና ክቡራን፣

የዛሬው ጉዳያችን ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከ200 ዓመት በፊት አንድ ብረት ሠሪ በሞረድ፣ በመዶሻና በከሰል እሳት የሠራውን ጠመንጃ፣ እኛ በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ይዘን መልሰን ለመሥራት ምን ያቅተናል? መልሱን ከአንድ ብሎን እንጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስኮትላንዳዊው መኮንን ፓትሪክ ፈርጉሰን ጁን 1 ቀን 1776 እንግሊዝ አገር ዉልዊች ላይ፣ በዝናብና በነፋስ መካከል፣ አዲሱን ጠመንጃውን ለጦር ሹማምንት አሳየ። በዚያ ዘመን ወታደሩ ባሩዱንና አረሩን በአፈሙዙ ከትቶ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ ነበር የሚያጎርሰው። የፈርጉሰን ጠመንጃ ግን ከኋላ ይጎርሳል። በደቂቃ 4 ጊዜ እያነጣጠረ ያለማቋረጥ ተኮሰ፤ ሲያፈጥነው ደግሞ 6 ደረሰ። ለእንግሊዝ ጦር የተሠራው 100 ያህል ብቻ ነው፤ ዛሬ የቀረው በጣት ይቆጠራል። በእነዚያ ቅሪቶች መተኮስ የሚደፍር ሙዚየም የለም፤ መድፈርም የለበትም። ስለዚህ ጠመንጃው በእርግጥ ምን ይችል እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቅጂ መሥራት ግድ ይሆንበታል።

የጠመንጃው ምስጢር በበርሜሉ ኋላ ከላይ እስከ ታች የሚዘልቅ ወፍራም ብሎን ነው። የብሎኑ ግርጌ ቃታውን ከሚከበው ቀለበት ጋር ተያይዟል። ቀለበቱን አንድ ዙር ሲያዞሩት ብሎኑ ይወርድና በበርሜሉ ጀርባ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። አረሩ ይገባል፣ ባሩዱ ይከተላል፣ ቀለበቱ ተመልሶ ይዘጋል፤ አለቀ።

አረሩ 15.6 ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል። ስለዚህ ብሎኑ በአንድ ዙር ቢያንስ ይህንኑ ያህል መውረድ አለበት። ይህን በባለ አንድ መስመር ጥርስ እናድርገው ብንል ጥርሱ እንደ ደረጃ የገዘፈ ይሆናል። መፍትሔው ጎን ለጎን የሚጠማዘዙ ብዙ መስመሮች መቅረጽ ነው። ለስሌት ያህል 10 መስመር ብንይዝ፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 1.6 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ቶርኖ ላይ እያንዳንዱን መስመር ለመጀመር ሥራውን 36 ዲግሪ ማዞር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ በ2 ዲግሪ ብቻ የሳተ ሰው ጥርሱን በ0.09 ሚሊሜትር አዛነፈው ማለት ነው፤ ብሎኑ አንዱን መስመር ይዞ ሲገባ ይሄዳል፣ በሌላው ሲገባ ይነክሳል። በትክክል ተቀርጾ እንኳ ብሎኑ በተሳሳተው መስመር ከገባ፣ ሲዘጋ ቀለበቱ ከእንጨቱ ጋር አይገጥምም፤ 36 ዲግሪ ተንጋዶ ይቀራል። በርሜሉ ውስጥ ያለውን የሴቴ ጥርስ የሚያወጣ መቅረጫ ደግሞ በየትኛውም ካታሎግ ስለማይገኝ ለዚሁ ሥራ ብቻ ተብሎ መሠራት አለበት።

ብዙ ቅጂዎች የወደቁት ግን ከዚህ በሚቀጥለው ነጥብ ላይ ነው። የፈርጉሰን ብሎን ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ አንድ ጫፉ ሾጠጥ ይላል። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ ሳይሆን ጠጣር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ይህ ዝቃጭ በጥርሶቹ መካከል ገብቶ ይደርቃል። ብሎኑ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ጥርሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዝቃጩን እየፈጨ መዞር አለበት፤ ከጥቂት ጥይት በኋላ የሰው እጅ አያዞረውም። ሾጠጥ ያለ ከሆነ ግን ትንሽ እንደዞረ ጥርሱ ከጥርሱ ይላቀቃል። ለማሽን ስለሚቀል ቀጥ ያለ ብሎን የገጠሙ ሰዎች ጠመንጃው ወዲያው ሲነክስባቸው፣ «ፈርጉሰን ለጦር ሜዳ የማይሆን ነበር» ብለው ደመደሙ። ስህተቱ ግን የቅጂው ነበር። ሾጠጡ ተጠብቆ፣ ጥርሱም በንብ ሰምና በሞራ ድብልቅ ተቀብቶ ሲሠራ ጠመንጃው ሳይጸዳ ደጋግሞ ይተኩሳል። የተበላሸ ቅጂ ታሪክንም እንደሚያበላሽ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ እንምጣ፤ የምንቀዳው ከምንድን ነው?

ብዙ ሰው በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ሙሉ ንድፍ ተቀምጦ ይጠብቀናል ብሎ ያስባል። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ግን የጠመንጃ ፋብሪካ በቁጥር በተሞላ ወረቀት አይሠራም ነበር። መሪው በማኅተም የጸደቀ ናሙና ጠመንጃና ከናሙናው የተወሰደ የብረት ጌጅ፣ ማለትም የመጠን ማረጋገጫ፣ ነው። ክፍሉ በጌጁ ካለፈ ያልፋል፣ ካላለፈ ይጣላል። ጌጁ ከጠፋ እውቀቱም አብሮ ጠፋ።

የ1853ቱን የኤንፊልድ ጠመንጃ እንውሰድ። በአማርኛ ሰናድር የምንለው ከ1866 ጀምሮ ይኸው ኤንፊልድ ከኋላ እንዲጎርስ ተለውጦ የተገኘ ነው፤ ቤተሰቡን እናውቀዋለን። የእንግሊዝ መንግሥት በ1850ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ ማሽን ገዝቶ ኤንፊልድ ያለውን ፋብሪካ እንደ አዲስ ሲያደራጅ፣ የአንዱ ጠመንጃ ክፍል ለሌላው መግጠም ቻለ። በዚያው ዘመን በበርሚንግሃም በእጅ የተሠራው ግን ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ለገዛ ጠመንጃው ብቻ የተሞረደ ነው። ከእነዚህ አንዱን ወስዶ የለካ ሰው የዚያን አንድ ጠመንጃ መጠን ያውቃል እንጂ የኤንፊልድን አያውቅም። ፓርከር ሄል የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ1970ዎቹ ቅጂ ሲሠራ ተጠብቀው የቆዩትን የጥንቱን ጌጆች መሠረት አድርጎ ስለነበር፣ ሥራው እስከ ዛሬ በተኳሾች ዘንድ ይከበራል። በእጅ ከተገኘ ጠመንጃ ላይ ተለክተው የተሠሩ ሌሎች ቅጂዎች እንጨታቸው የወፈረ፣ ብሎናቸው በሜትሪክ ጥርስ የተቀረጸ ነው። የኦሪጅናሉን ብሎን ቅጂው ላይ ልግጠም ያለ ሰው ጥርሱን አበላሽቶ ይመለሳል።

ሁለተኛው ጣጣ መበላት ነው። 160 ዓመት የኖረ ጠመንጃ አዲስ ሲወጣ የነበረውን መጠን አይነግረንም። አፈሙዙ በማጎረሻ ዘንግ ተበልቷል፣ የኋላው በዝገት ሰፍቷል፣ ጠርዙ በየጊዜው ሲወለወል ክብ ሆኗል። የሌዘር ስካነር ይህን ሁሉ በታማኝነት ይቀዳል፤ ችግሩም ታማኝነቱ ነው። ጠርዙ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ከከበበ፣ የመጀመሪያው ጠርዝ የት ነበር የሚለውን የሚወስነው መሣሪያው ሳይሆን የለኪው ፍርድ ነው። ከተቻለ ብዙም ያልተተኮሰባቸውን ቢያንስ 3 ኦሪጅናሎች ለክቶ ማነጻጸር ይመረጣል፤ ብርቅ በሆነ ጠመንጃ ላይ ግን 3 ማግኘት ራሱ ዘመቻ ነው።

የበርሜል ውስጥ መጠን የሚወሰደው በቀላሉ በሚቀልጥ የብረት ውህድ ነው። ሴሮሴፍ የሚባለው ከ70 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ የፈላ ውኃ ይበቃዋል። የተጸዳውንና በስሱ ዘይት የነካውን በርሜል ከውስጥ በጨርቅ ይደፍኑና የቀለጠውን ያፈሱበታል። ውህዱ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይኮማተርና ከበርሜሉ ይላቀቃል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መልሶ ይፋፋል። የቀዳውን መጠን በትክክል የሚያሳየው ከ1 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ችኩል በ10 ደቂቃ ይለካል፣ ሰነፍ በሳምንቱ ይለካል፤ ሁለቱም የተሳሳተ በርሜል ይሠራሉ።

ስለ ማፍሰስ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ጥበብ ነው። ሰሙ ይቀረጻል፣ በጭቃ ይሸፈናል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ቦታውን ይወስዳል። ዛሬም የአሮጌ ጠመንጃ መተኮሻ ክፍሎች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ በወርቁ ፈንታ ብረት፣ በጭቃው ፈንታ ሴራሚክ ገባ እንጂ። አደጋው ያለው ኦሪጅናሉን ራሱን እንደ ቅርጽ ሲጠቀሙበት ነው። ከኦሪጅናሉ የጎማ ቅርጽ ይወጣል፣ ከጎማው ሰም፣ ከሰሙ ብረት። ብረቱ ሲበርድ ብቻ በ2 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ሰሙም የራሱን ይጨምራል። የጠመንጃው መዶሻ የሚገጠምበትና 160 ሚሊሜትር የነበረ የመተኮሻ ሰሌዳ ከ3 ሚሊሜትር በላይ አጥሮ ይወጣል። ሰሌዳው ላይ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎችም አብረው ይሰበሰባሉ፤ መዶሻው ሲወርድ መውደቅ ካለበት ቦታ ይስታል። አዋቂ ሠሪ ስለዚህ ቅርጹን አስልቶ አሳድጎ ያዘጋጃል፣ ቀዳዳዎቹን ሳይበሳ አፍስሶ በኋላ በልክ ይበሳቸዋል።

የብረቱ ዓይነት ሌላ ራስ ምታት ነው። በባልጩት የሚተኮስ ጠመንጃ ላይ ባልጩቱ የሚፍቀው የብረት ምላስ አለ። ብልጭታው የሚወጣው ከባልጩቱ ይመስላል እንጂ ከዚህ ምላስ ተፍቆ ከሚነደው የብረት ፍቅፋቂ ነው። ምላሱ በቂ ካርቦን ከሌለው ባልጩቱ ይቧጭረዋል እንጂ ብልጭታ አያወጣም። ከመጠን በላይ ከጠነከረ ደግሞ ባልጩቱ ይንሸራተትበታል፣ ወይም ምላሱ አንድ ቀን ከመሃል ይሰነጠቃል። የጥንቱ ሠሪ ይህን የሚፈታው ለስላሳውን ብረት ከአጥንትና ከቆዳ ከሰል ጋር በሣጥን ዘግቶ ለሰዓታት በማጋል ነበር፤ ካርቦኑ የብረቱ ገጽ ላይ ብቻ ይሰርጋል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ምቱን ይችላል። ዛሬም ይሠራበታል። ቀጭን የመተኮሻ ሰሌዳ ግን ከእሳቱ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ሲነከር ይጣመማል። ስለዚህ ሰሌዳው ከወፍራም ብረት ጋር ታስሮ ይነከራል፣ የመጨረሻው ልኬትም ከዚህ በኋላ ይወሰዳል።

በርሜል ላይ ስንደርስ ጥያቄው በውስጡ ስለሚሄዱት ጠመዝማዛ ቦዮች ነው። የኤንፊልዱ በርሜል 3 ቦይ አለው፤ ጥልቀታቸው ግን አንድ ወጥ አይደለም። ከኋላ 0.38 ሚሊሜትር ያህል ጀምረው አፈሙዙ ላይ 0.13 ያህል ይደርሳሉ። ለስላሳው የእርሳስ ጥይት ከኋላ ተነፍቶ ቦዩን ይሞላል፣ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር እየተጨመቀ ይወጣል። ዛሬ በርሜል የሚሠራባቸው ፈጣን ዘዴዎች፣ የቦዩ ቅርጽ ያለውን ጠንካራ ብረት በበርሜሉ ውስጥ ገፍቶ ማሳለፍም ሆነ በርሜሉን በቅርጽ ዘንግ ዙሪያ መቀጥቀጥ፣ የሚያወጡት አንድ ወጥ ጥልቀት ነው። እየቀነሰ የሚሄድ ቦይ የሚፈልግ ሰው ወደ ጥንቱ መቁረጫ ይመለሳል፤ ቢላው በትንሽ ሽብልቅ እየተነሳ፣ አንዱን ቦይ በብዙ ምልልስ ይቆርጣል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ብዙ ፋብሪካዎች ይህን ጊዜ ላለማጥፋት ወጥ ቦይ ሠርተው ይሸጣሉ። ዓይን አይለየውም፣ ኢላማው ግን ይለየዋል።

አንዳንዴ ደግሞ አዲሱ ዘዴ አሮጌውን ንድፍ ይታደገዋል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሠራው ጠመንጃ ቦይ የለውም፤ የበርሜሉ ውስጥ ባለ ስድስት ማዕዘን ሆኖ በየ20 ኢንች አንድ ዙር ይጠማዘዛል። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1860 የዊምብልደንን የተኩስ ውድድር ስትከፍት በ400 ያርድ የተኮሰችው በዚህ ጠመንጃ ነው። ይህን ቅርጽ በመቁረጫ ማውጣት እጅግ አድካሚ ነው፤ ስድስት ማዕዘን ያለው ጠንካራ ዘንግ በርሜሉ ውስጥ ከትቶ ከውጭ መቀጥቀጥ ግን ይስማማዋል። ፓርከር ሄልም የዊትዎርዝ ቅጂውን በርሜል ያወጣው በዚሁ፣ ብረቱን ሳያግሉ በመቀጥቀጥ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ቅጂ ግን ባሩድ የሌለው ነው። የኦስትሪያ ጦር በ1780 የተቀበለው የጂራርዶኒ ጠመንጃ የሚተኩሰው በታመቀ አየር ነው። ሰደፉ ራሱ የብረት ጋን ነው፤ በእጅ ፓምፕ 1,500 ጊዜ ያህል ተነፍቶ ወደ 55 የከባቢ አየር ግፊት ይደርሳል። በበርሜሉ ጎን 20 ያህል አረር የሚይዝ ቱቦ አለ። ተኳሹ አፈሙዙን ቀና አድርጎ ትንሿን የብረት ግንድ በአውራ ጣቱ ወደ ጎን ሲገፋት አንድ አረር ተንከባልላ ትገባለች፣ ሲለቃት በርሜሉ ፊት ትቆማለች። ይህች ግንድ በአውራ ጣት የምትንሸራተት መሆን አለባት፤ አየርም ማሳለፍ የለባትም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በመቶኛ ሚሊሜትር ይቆጠራል። አረሮቹም አንድ ልክ መሆን አለባቸው፤ ጥቂት የወፈረች አንዲት አረር ቱቦውን ዘግታ ከኋላዋ ያሉትን ሁሉ ታስቀራለች።

የጥንቱ ጋን ከብረት ሰሌዳ ተጠቅልሎ በሪቤትና በመዳብ ብየዳ የተገጠመ ነበር። እንደዚያው ልሥራ የሚል ሰው ጉንጩን የሚያሳርፍበት ሰደፍ ቦምብ ሊሆንበት እንደሚችል ይወቅ። ማንኛውም ጋን አየር ከመሞላቱ በፊት በውኃ ይፈተናል፤ ውኃ እምብዛም ስለማይታመቅ ጋኑ ቢሰነጠቅ ያንጠባጥባል እንጂ አይፈነዳም። ፈተናው ከሥራው ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም ከ80 የከባቢ አየር ግፊት በላይ መሆን አለበት። ከፈተናው በኋላ ዙሪያው ቢሰፋ፣ ፀጉር ያህልም ቢሆን፣ ይጣላል። ማሸጊያው ቆዳ ነው፤ ቆዳው ከደረቀ በአንድ ሌሊት ባዶ ጋን ይዘው ያድራሉ።

ጥይቱ የጠፋ ጠመንጃም አለ። ከ1860 እስከ 1866 ገደማ 14,000 ያህል የተሠራው የአሜሪካው ሄንሪ የሚተኩሰው የመዳብ ቀለህ ያለው ጥይት ከ1930ዎቹ ወዲህ አይመረትም። ቅጂ ሠሪዎች ዛሬም የሚመረተውን .44-40 የተባለ ጥይት መረጡ፤ የድሮው ጥይት ርዝመት 34 ሚሊሜትር ሲሆን አዲሱ 40 ይደርሳል። በዚች 6 ሚሊሜትር ምክንያት ጥይቱን የሚያነሳው ክፍል ይረዝማል፣ እሱ ሲረዝም አካሉ ይረዝማል። ስለዚህ ከኦሪጅናሉ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጥ ልዩነቱ ይታያል። ይህ ሊነቀፍ አይገባም፤ ጥይት የሌለው ጠመንጃ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው። ሊነገር ግን ይገባል።

ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን ስንመጣ ሕጉ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ጀርመን ከ1941ዱ የቀርጤስ ውጊያ በኋላ ለፓራሹት ወታደሮቿ ያሠራችው ኤፍ ጂ 42 የተባለ አውቶማቲክ ጠመንጃ ከ7,000 ብዙም አይበልጥም። የመጀመሪያው ዓይነት አካል በክሮምና በኒኬል ከጠነከረ ብረት ተቀጥቅጦ የወጣ ነበር፤ ኒኬል ሲጠፋ በማንጋኒዝ ላሜራ ተተካ። ላሜራ በፕሬስ ሲታጠፍ መልሶ ይከፈታል፤ 90 ዲግሪ የሚፈልግ ሰው 2 ወይም 3 ዲግሪ አሳልፎ ማጠፍ አለበት፣ ይህም በየላሜራው ጥራት ይለያያል። ፕሬሱ የሚጠይቀው የብረት ቅርጽ ለ100,000 ጠመንጃ ሲከፋፈል ምንም አይደለም፤ ለ200 ሲከፋፈል ግን እያንዳንዱን ጠመንጃ የማይቀመስ ያደርገዋል። በዚያ ላይ በአሜሪካ ከሜይ 19 ቀን 1986 ወዲህ ግለሰብ አዲስ የተሠራ አውቶማቲክ መሣሪያ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ቅጂው አንድ በአንድ ብቻ እንዲተኩስ ውስጡ ከመሠረቱ ተለውጦ መነደፍ አለበት። የድሮውን ልብስ የለበሰ አዲስ ጠመንጃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንጨቱን በአጭሩ ልለፈው። የዋልነት ጣውላ በአየር ሲደርቅ በ2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ለሰደፍ የሚሆን 6 ሴንቲሜትር ጣውላ ከ2 ዓመት በላይ ይጠብቃል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ ሆኖ የተቀረጸ እንጨት በኋላ ሲኮማተር በርሜሉን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ተኳሹም ስህተቱን ማነጣጠሪያው ላይ ሲፈልግ ይከርማል።

በመጨረሻ የተሠራው ጠመንጃ መፈተን አለበት። ብዙ ቅጂ በሚወጣበት በጣሊያኑ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ የመንግሥት ፈተና ጣቢያ አለ። እያንዳንዱ በርሜል ከተለመደው በበለጠ ግፊት ተተኩሶበት፣ ካለፈ ማኅተም ይመታበታል፤ ከ1975 ወዲህ ዓመቱ በሁለት የላቲን ፊደላት ይጻፋል። አንዳንድ ሰዎች ቅጂው ኦሪጅናል እንዲመስል ይህን ማኅተም በሞረድ ያጠፋሉ። በብዙ አገር ወንጀል ነው፤ ቀጥሎ ለሚገዛው ሰውም ወጥመድ ነው፣ ሰብሳቢውን ያታልላል፣ ተኳሹን ለአደጋ ያጋልጣል። ትርዒት ለሚያሳዩ ሰዎች ማኅተሙ ዓይን ከረበሸ፣ ገና ከፋብሪካው በርሜሉ ሥር፣ በእንጨቱ በሚሸፈነው ክፍል ላይ እንዲመታ መጠየቅ ይቻላል። የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ዓመትና «ቅጂ» የሚለው ቃል በመተኮሻ ሰሌዳው ውስጠኛ ገጽ ላይ በጥልቀት ይቀረጽ። ከጠመንጃው ጋርም አንድ ገጽ ወረቀት ይሂድ፤ ከየትኛው ኦሪጅናል እንደተለካ፣ የትኛው ብረት በየትኛው እንደተተካ፣ የቦዩ ጥልቀት ወጥ ይሁን እየቀነሰ የሚሄድ፣ የብሎኑ ጥርስ ሜትሪክ ይሁን የጥንቱ፣ በስንት ግፊት እንደተፈተነ።